ወደ ኩሬው የሚሸሽ መሪ

መስከረም 9

ከቤት ወጥታ ከልባችን ላልወጣችው ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። በስልክ እንዳላዋራሽ ጆሮዬ ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል፤ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ እስማማለሁ፣ በኋላ ምን እንደተስማማሁ ሰው እጠይቃለሁ። ስለዚህ ጻፊልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጋራዡን ዘግቼ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ከእጄ ይልቅ አፌ ነው የሚሠራው ትላለች ሚስቴ። እሷም ደህና ናት። ስምሽን ሳታነሳ አትውልም፣ በተለይ ጎረቤት ሲመጣ። "የባሌ ወንድም ልጅ እኮ ውጭ አገር የውሃ ድርጅት ውስጥ ናት" ትልና በመስታወት ቢሮ ውስጥ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ታስቀምጥሻለች። ወንበሩን አንቺ ጻፍሽልን ወይስ እሷ ጨመረችው፣ እንጃ።

የምጽፍልሽ ስለ ትንሿ ነው። ልጄ ሒሳብ ያዥነት ተምራ የሚያዝ ሒሳብ አጣች። ከአልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ስታይ ትውላለች። እዚያ ድርጅታችሁ ውስጥ አንድ ነገር ብትፈልጊላት ምን ይመስልሻል? ንጹሕ ሥራ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አደራ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 2

ለተከበሩት ለጋሼ፤

ጤናዎና ጉልበትዎ አይጓደልብኝ። እትዬንና ትንሿን ሳሙልኝ።

የትንሿን ነገር ትንሽ ቆየት እናድርገው። እምቢ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ግን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የብረት ነገር ስለሆነ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

የምሠራው ሣር ማጨጃ ላይ ነው። ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት፤ አራት ጎማ፣ መሪ፣ ከሆዱ ሥር የሚሽከረከር ቢላ። ዕድሜው ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለውም። ችግሩ መሪው ነው። ቀጥ አድርጌ ይዤው እየሄድኩ ድንገት እጄ ላይ ቀለል ይላል። ያኔ ጎማዎቹ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ፤ መሪውን ባዞረውም ባላዞረውም ደንታ የላቸውም። ከዚያ "ቀጭ" ይልና መልሶ ይይዛል።

ሜዳ ላይ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ግን ሜዳ ላይ አይደለም። የውሃ ድርጅት ነው ያልኩት ውሸት አይደለም፤ ውሃው ግን ወደ ሰው ቤት የሚገባው ሳይሆን ከሰው ቤት የሚወጣው ነው። የከተማው ፍሳሽ በሙሉ እኛ ጋ ይመጣል። ትልልቅ ኩሬዎች አሉ። ፊታቸው እንደቆየ ወተት ቆዳ ያወጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ቆዳው ከሥር ይነፋና ይፈነዳል። የኩሬዎቹ ዳር ተዳፋት ነው፤ እሱ ላይ የሚበቅለውን ሣር ነው የማጭደው። ሣሩ ካደገ አይጥ ይራባል፣ አይጥ ደግሞ ግድቡን ይበሳዋል። እንዲህ ያለ ወፍራም፣ ለምለም ሣር አይተው አያውቁም። ምን በልቶ እንደለመለመ ስለማውቅ እኔ ዓይኔን አዞራለሁ። ቢላው እርጥቡን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይረጨዋል። ቤት ገብቼ ሦስቴ ታጥቤም ከጥፍሬ ሥር አይለቅም።

አለቃዬን ሠራተኛው "ሽቶው" ይለዋል። ነጭ ጫማ ያደርጋል፤ ኩሬ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ከቢሮው ወጥቶ ሲያልፍ ሽቶውና የኩሬው ሽታ ይቀላቀላሉ። ኩሬው ብቻውን ይሻላል። ስለ መሪው ስነግረው "ቀስ ብለሽ ንጂ" አለኝ።

ምን ላድርግ ጋሼ?

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 21

ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። በዚህ ቤት ለጊዜው ሰላም የለም።

ደብዳቤሽ የደረሰው ጎረቤታችን ቁጭ ባለችበት ነው። ሚስቴ ደስ ብሏት ትንሿን "ጮክ ብለሽ አንብቢልን" አለቻት። ልጄ ታነባለች፣ ታነባለች፣ "ከሰው ቤት የሚወጣው ነው" ከሚለው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ጎረቤቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "እሳት ላይ የጣድኩት ነበር" ብላ ወጣች። ሚስቴ ደብዳቤውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወስዳ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንጠለጠለችው። እኔ እዚያው በቁሜ ነው የጨረስኩት። የውሃ ሽታ ሆነሽ ቀረሽ እንዳልል፣ ሽታው ደርሶናል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከመሪው ዘንግ ግርጌ የመሪ ሳጥን አለ። ዘይቱ ጎድሎ ይሆናል፤ ክፈቺና ሙዪ። ከሳጥኑ ራስ ላይ ማጥበቂያ ብሎን ታገኛለሽ፤ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቂው፣ ከዚያ በላይ እንዳታደርጊ። ዕድሜዬን በሙሉ የአውቶቡስ መሪ ስፈታ ኖሬ ይሄ ያላዳነውን በሽታ አላየሁም።

ሽታ ደግሞ ይለመዳል። ትንሿም ቢሆን ትለምደዋለች። እባክሽ ጠይቂላት።

አጎትሽ


ኅዳር 11

ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ። ሳጥን የለውም።

ካርቶን አንጥፌ ከሥሩ ተኛሁ። መጀመሪያ የወረደብኝ የበሰበሰ ሣር ነው፤ ጥቁር፣ ለብ ያለ፣ ትል ያፈራ። ግማሹ አንገቴ ውስጥ ገባ። እየተፋሁ በካቻቪቴ ፈለፈልኩት። ከመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጥርስ አለች። እሷ የምትነክሰው የከሰል ማራገቢያ የመሰለ ባለጥርስ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከማራገቢያው አንድ ዘንግ ይወጣና ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘይት የለ፣ ማጥበቂያ ብሎን የለ።

ቀሪውን ልንገርዎ፣ ለእትዬ ግን እንዳያነቡላቸው። ማራገቢያው እንዳይሸሽ ሰው በሽቦ ጠፍሮታል። ሽቦው ላይ ፍሳሹን ከሚያጣራው ወንፊት የመጣ ፀጉር እንደ ክር ተጠምጥሟል። ከሽቦው ኋላ ደግሞ ጥርሶቹ እንዲቀራረቡ የተወሸቀ ነገር ነበር። ጎትቼ ሳወጣው ካልሲ ነው። እርጥብ ነው፤ ውስጡ አይጥ ወልዳለች። ልጆቹ አሁንም ይንቀሳቀሱ ነበር። ወጥቼ አስመለስኩ።

"ፓምፑ" የምንለው ሽማግሌ አለ፤ ፓምፕ ቤት ነው የሚሠራው። ምሳውን እየበላ መጣና ካልሲውን አየው። "የኔ ናት" አለ። "ከአንቺ በፊት እኔ ነበርኩ የምነዳው። ሌላኛዋንም ፈልጊያት፣ አትጠፋም።" ሳቀና መብላቱን ቀጠለ።

ሽቶውን "መለዋወጫ ይሠራለት" አልኩት። "እስካሁን እየሄደ አይደል እንዴ? ደግሞ አዲስ ማሽን አዝዘናል፣ ይመጣል፤ እስከዚያ አትነካኪው" አለኝ።

ማራገቢያውን ፈትቼ በነጭ ጋዝ አጠብኩትና ወረቀት ደርቤ በእርሳስ ፈተግኩት። የጥርሶቹ ቅርጽ ይኸው፣ አብሮ አለ። ወረቀቱ ቢሸት ይቅርታ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ። የኩሬው ጎን በጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር ከሳሙና የባሰ ነው፣ እጅ የሚጨብጠው አያገኝም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 28

ለልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ አትቀየሚ። እውነቱን ልንገርሽ፣ "ሳጥን የለውም" ያልሽውን ሳነብ አኮረፍኩ። ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት። ሽማግሌ ሰው ለሣር ማጨጃ ያኮርፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከዚያ የእርሳሱን ወረቀት መስኮት ላይ ለጥፌ አየሁት። የዳርና ዳሩ ጥርሶች ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። የመሐሎቹ ግን እንደ ድድ ሆነዋል። ማሽን አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ መሐሉን በልቶታል። ቀጥ ብለሽ ስትሄጂ ትንሿ ጥርስ የምትነክሰው አጥታ ትዘላለች። ይኸው ነው በሽታው። ካልሲ ወሽቆ በሰው ሕይወት የሚቀልደውን ሰውዬ ግን እዚህ ጋራዤ ውስጥ ባገኘው ኖሮ ካልሲውን አስበላው ነበር። ያንንም ያዘዘውን፣ ያንንም አይቶ ዝም ያለውን።

ከአሮጌ አውቶቡስ የቀረ ባሌስትራ፣ ጭነት የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት፣ ነበረኝ። በእሳት አለስልሼ፣ ወረቀትሽን ላዩ ላይ ለጥፌ በሴጌቶ እየቆረጥኩት ነው። ከዚያ በሞረድ ጥርስ በጥርስ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱን ሞርሳ ይይዘዋል፣ እኔን ደግሞ ሞርሳው ይይዘኛል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የኩሬው ጎን ከሳሙና እንደሚብስ፣ እጅም የሚጨብጠው እንደማያገኝ ከየት አወቅሽ?

አጎትሽ


የካቲት 6

ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ። ለዚያ ጥያቄ መልስ ጀምሬ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ።

ያኔ ስጽፍልዎ ወድቄ ተነስቼ ነበር። ተዳፋቱ ላይ ቀጥ ብዬ ስሄድ መሪው ቀለለ። "ቀጭ" እስኪል ጠበቅኩ፤ አላለም። ማሽኑ ወደ ኩሬው ሸሸ። ጎማውን የኩሬው ከንፈር ላይ ያለ ሲሚንቶ ያዘውና ማሽኑ ቆመ፤ እኔ ግን አልቆምኩም።

ወገቤ ድረስ ብቻ ነው ብዬ ልዋሽዎ አስቤ ነበር። ጭንቅላቴም ገብቷል። አፌ ክፍት ነበር፤ "እናቴ" ልል ነበር። ጣዕሙን አልጽፍልዎትም። ዛሬም ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ይመጣብኛል። መውጣት ስሞክር ፕላስቲኩ ያንሸራትተኛል፤ በክርኔ፣ በጉልበቴ፣ በጥፍሬ ሞከርኩ። ፓምፑ ነው ከወንፊቱ ላይ ጨርቅና ፀጉር የሚጎትትበትን ረጅም ባለጥርስ መጎተቻ ይዞ የመጣው። ቀበቶዬን ወግቶ አወጣኝ። "እኔም በዚችው ነው የወጣሁት" አለኝ። ሁሉም ያውቃሉ ጋሼ። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ሽቶው መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ፣ በመሐረብ አፍንጫውን ይዟል።

"ማሽኑ ገብቷል?" አለ።

"አልገባም" አለው ፓምፑ።

"ጎሽ። እሷን በቢሮው በኩል እንዳታሳልፋት።"

በውሃ ጎማ አጠቡኝ፣ እንደ መኪና። ወደ ማታ በዘበኛ እጅ የሽቶ ጠርሙስ ላከልኝ። ይቅርታው መሆኑ ነው። ሳልከፍተው ኩሬው ውስጥ ወረወርኩት። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የነበረችው ሴት ልጇን አቅፋ ተነሳች፤ እኔም ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ጆሮዬ መገለ፣ ትኩሳት ያዘኝ፣ አልጋ ላይ ቆየሁ።

ከእናንተ የደበቅኩት አፍሬ ነው። የወደቅኩት እኔ፣ ያፈርኩትም እኔ። እሱ አላፈረም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 24

ለልጄ፤

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅር በይኝ።

ለሚስቴ አነበብኩላት። አትንገር ያልሽው የካልሲውን ነበር፣ ይሄንን አላልሽም። ሰማችና ተነስታ እጇን ታጠበች። ለምን እንደታጠበች እሷም አታውቀውም። እኔ እህል አልወርድ አለኝ። ጭቃው አይደለም የዘጋኝ፤ በጭቃ ኖሬያለሁ። "ማሽኑ ገብቷል?" ያለው ነው።

ብረቱን ጨርሻለሁ። አልክልሽም። መሪው እንደተበላሸ ይቅርና አንቺ ውጪ። የትንሿንም ነገር ከዛሬ ጀምሮ እንዳታነሺው። ጣሪያ ትይ።

አጎትሽ


መጋቢት 11

ለጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ቁጣዎ ገብቶኛል፤ ደስም ብሎኛል። ብረቱን ግን ይላኩልኝ።

ዝናቡ መጥቷል፣ ሣሩ እያደገ ነው። እኔ ዛሬ ብወጣ ነገ ሌላ ሰው ያስቀምጡበታል። ሌላ ሥራ ደግሞ ገና አላገኘሁም፤ የቤት ኪራይ አፍንጫውን ይዞ አያልፈኝም። እስካለሁ ድረስ መሪ ያለው ማሽን ልንዳ። አዲሱ ሲመጣ ይጥሉታል።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 27

ለልጄ፤

ይኸው፣ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ግትር መሆንሽን ከአባትሽ ወስደሻል፤ እሱም እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ።

የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጊ፤ መሪውንም ቀጥ አድርጊ። ከዚያ የማራገቢያው የመሐል ጥርስ ከትንሿ ጥርስ መሐል ይግባ። አንድ ጥርስ እንኳ ብትዘዪ ወደ አንዱ ጎን ጥሩ ይዞራል፣ ወደ ሌላው አጥሮ ይቀራል። አብረው ያሉትን ሮንዴላዎች፣ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶቹን፣ ከሥር ደርድሪና አቀራርቢያቸው፤ ግራሶውን አትሰስቺ። የዚያን ሰውዬ ሽቦ እንዳልሰማ።

በሰላም ግጠሚው። በሰላም ያውጣሽ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 25

ለጋሼ፤

እጅዎ ይባረክ። ገጠመ። እንደ አዲስ ጫማ ነው የገባው። ተዳፋቱ ላይ ቀጥ ብዬ ሄድኩ፤ እጄ ላይ አንዴም አልቀለለም። ፓምፑ ከፓምፕ ቤቱ ወጥቶ አየኝ፤ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙኝ። ሽቶው ሰማ። በነጭ ጫማው ላይ የፕላስቲክ ከረጢት አጥልቆ መጣ። ማሽኑ ላይ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ሳቀ።

"ጎበዝ ነሽ" አለኝ። "በይ የምሥራች፣ አዲሱን ማሽን አስቀርቼዋለሁ። ይሄ ገና ብዙ ያገለግላል።"

እኛ በሠራንለት እሱ ቆጠበ።

"አንቺን ወደ ቢሮ አስገባሻለሁ፣ መዝገብ ክፍል" አለ። "ያቺ አንድ ጊዜ የጠየቅሽላት ዘመድሽ አሁንም ሥራ ትፈልጋለች? ትምጣና ይሄን ትንዳ። ቀላል ነው፣ መሪው ተሠርቷል።"

የመጀመሪያ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ፣ ሸክሙ ከላዬ እንዲወርድ ያህል ጠይቄው ነበር። ያኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ነበር።

አንድ አፍታ አሰብኩት ጋሼ፤ አልደብቅዎትም። እኔ ንጹሕ ወንበር ላይ፣ ትንሿ ደግሞ ተዳፋቱ ላይ። እትዬም ደስ ብሏቸው። ብረቱ እስኪበላ ስንት ጊዜ ነው? ሲበላስ ማን ነው የሚያየው? የቢሮው መስኮት ላይ ቆሜ መሐረብ ይዤ ራሴ ታየኝ። ጠላሁት።

"አትፈልግም" አልኩት። ቁልፌን አምጥቼ ፊቱ ማራገቢያውን ፈታሁ።

"እሱ የድርጅቱ ንብረት ነው" አለ።

"የድርጅቱ አሮጌው ብረት እኮ ፓምፕ ቤት አለ። ሽቦውንም ካልሲውንም አብሬ አስቀምጫለሁ።"

ብረቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እርስዎን ሳላማክር ለትንሿ የመጣውን ሥራ መለስኩ። እትዬ እንዳይቀየሙኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 14

ለልጄ፤

ደህና አድርገሻል።

ሚስቴ ተቀይማለች። "ልጄ ዋና ታውቃለች" አለች። ከዚያ የተናገረችው ለራሷም አስቀያሚ ሆነባትና ክፍሏን ዘግታ ዋለች። ትንሿ ግን ሳቀች፤ ካየኋት ቆይቷል ስትስቅ።

አሁን ምን እየበላሽ ነው? ይሄን ጻፊልኝ፣ ሌላውን ተይው።

አጎትሽ


ሰኔ 6

ለጋሼ፤

ቤታችሁ ሰላም ይክረም። እኔ ሥራ አግኝቻለሁ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። የሰው አንሶላ ላይ የማየውን ባልነግርዎ ይሻላል፤ ግን ማሽኑ አንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚሽከረከረው።

አውቶቡሴ በኩሬዎቹ አጥር ሥር ያልፋል። ሰሞኑን አንድ ሰው ማጨጃው ላይ አየሁ። አዲስ ነው፤ ጎልማሳ፣ ራሰ በራ። በአንድ እጁ ነው መሪ የሚይዘው፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቷል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለመዝለል ነው። እንዲያ ሆኖ ነው ቀኑን ሙሉ የሚያጭደው።

ብረቱ አልጋዬ ሥር ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት እንደ ሜዳልያ ነው፤ ሽቶውን ያሸነፍኩበት። ያ እግር ከታየኝ ወዲህ ግን ብረቱን ራሱን ማየት አስጠላኝ። ማንን ነው ያሸነፍኩት? ሽቶው ሽቦ አሰረና ሌላ ሰው አስቀመጠ፤ በቃ።

በእረፍት ቀኔ ብረቱንና ቁልፌን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው አወቀኝ፣ አስገባኝ። ሰውዬው ማሽኑን አቁሞ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

"ኮፈኑን ክፈትልኝ" አልኩት።

"ማን ነሽ?"

"ከአንተ በፊት እኔ ነበርኩ።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ገብተሻል?" አለኝ በአገጩ ኩሬውን እያሳየ።

"ገብቻለሁ።"

ካርቶን አነጠፈልኝ። ከሥሩ ገባሁ። ያው ጥቁር ሣር፣ ያው ትል፣ ያው ፀጉር፤ እንደገና አንገቴ ውስጥ። ጥርሴን ነክሼ ሠራሁ። ቁልፍ ያቀብለኛል፣ በመሐል ደግሞ "ለምንድን ነው የምትሠሪልኝ?" ይለኛል። "ዝም ብለህ ዘንጉን ያዝ" አልኩት። ምን ልበለው? እዚያ ሽታ ውስጥ አፌን ከፍቼ ብዙ መናገርም አልፈለግኩም።

ሽቶው የቢሮው መስኮት ላይ ብቅ አለ። ሁለታችንንም አየን። መስኮቱን ዘጋ። ጠራርጎ እንዲያስወጣኝ ዘበኛ አልላከም፤ የሚጠቅመውን ያውቃል። እሱንም ጠቀምኩት ማለት ነው። እስካሁን ያልዋጥኩት ይሄንን ነው።

ሰውዬው ተነሳና ነዳ። ተዳፋቱ ላይ ደርሶ ትንሽ እንደሄደ ያንን እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ። ይህን ካየሁ በኋላ ወጣሁ። አውቶቡሱን አልጠበቅኩም፤ ልብሴ ይሸት ነበር።

ሳልጠይቅዎ የደከሙበትን ብረት ሰጠሁ። ቢቆጡ አይገርመኝም።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 23

ለልጄ፤

ሰላም ለእጅሽ።

ለምን እቆጣለሁ? ብረቱ የተሠራው ለዚያ ማሽን ነው፤ አልጋ ሥር ምን ያደርጋል። ሽቶውን መጥቀምሽ እኔንም ያቅለሸልሸኛል፤ ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ ሁለቴም ምሳዬን ትቻለሁ። ለእሱ ተብሎ ግን ሰውዬው አይሰምጥም።

አሁን አንድ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጥርስሽን ነክሰሽ፣ እያስመለሰሽ፣ ሰው እያናገረሽ ነው የገጠምሽው። ስትፈቺ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እንደነበር አልጻፍሽም። ጥላ ሥር የቆመ ማሽን ጎማው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሰው ሲያቆም አዙሮ ነው የሚያቆመው። ሰውዬው ሲነዳም ያየሽው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ብቻ ነው፣ ሲዞር አላየሽውም። ከኩሬው ለመሸሽ በየት በኩል ነው የሚያዞረው? በዚያ በኩል አጥሮ የሚቀር ከሆነ አንድ ጥርስ ዘለሽ ገጥመሻል።

የሆቴሉን የሥራ ልብስሽን እንዳትለብሺ፣ አሮጌ ነገር ልበሺ። ሂጂና ሙሉ አዙሮ እንዲያሳይሽ ንገሪው፤ ወደ ግራም፣ ወደ ቀኝም። ከዚያ ጻፊልኝ።

አጎትሽ